ዳገቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በመኪና

የልጄ ባል ሾፌር ነው። ነበር ማለት ይገባኛል፤ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ሰው ከመኪና ቢወርድም ሾፌርነቱ ቶሎ አይለቀውም። ዛሬም መንገድ ሊሻገር ሲል በግራ በኩል ከፍ አድርጎ ያያል፤ መስታወት የነበረበትን ቦታ ነው የሚያየው።

ብዙ ዘመን የሰው መኪና ነድቷል። የሰው ጭነት፣ የሰው ልጆች፣ አንድ ጊዜም የሰው ሬሳ። ማታ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ በእግሩ ሲመጣ፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ "አንድ ቀን ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ያድራል" ይል ነበር። ከብዙ ልፋት በኋላ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። መጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበረ እሱም አያውቅም፣ የሸጠለትም ሰው አያውቅም። ዳገት ስትወጣ ወገቧን እንዳመማት ሴት ስለምታቃስት ተሳፋሪዎቹ "እትዬ" ብለው ስም አወጡላት። ጠዋት ሲገቡ "እትዬ፣ ደህና አደሩ?" ይሏታል። እኔ ጋቢና ከተቀመጥኩ ደግሞ ሰላምታው ለሁለታችንም ይሆናል።

የገዛት ዕለት ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ ብላ ልጄ እየሳቀች ነግራኛለች። ከዚያች መኪና ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም። እሷ እጁ ላይ እስካለች ድረስ "ና" እና "ሂድ" የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ ነዳጅ መወደድ ሲጀምር በቤታችን ውስጥ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ እትዬን ማቆየት ይቻላል ወይስ አይቻልም።

ሥራው የሠራተኛ ሰርቪስ ነው። እኛ የምንኖረው ከኮረብታው ሥር ነው፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ያለው ደግሞ ከኮረብታው ማዶ። በመሃል ረጅም ዳገት አለ። አናቱ ላይ ሲደርስ መንገዱ ትንሽ ሜዳ ሆኖ ያርፍና ወደ ማዶ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ሲሄዱም መጀመሪያ ዳገት ነው፣ ማታ ሲመለሱም መጀመሪያ ዳገት ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ሠራተኞቹ ሁሉም የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ በወር በወር ይከፍሉታል። እኔም የደም ግፊት መድኃኒቴን ከፋብሪካው ጎን ካለው ጤና ጣቢያ ስለምወስድ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ከምጽፈው ብዙውን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ናፍጣ መጀመሪያ የጨመረ ጊዜ ሰው ሁሉ ጮኸ። ሚኒባሷ ውስጥ የነበረው ጫጫታ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ አልበረደም። ሁለተኛ ጊዜ ሲጨምር ቀለዱ። ሦስተኛ ጊዜ አንዱ "ጨመረ አሉ" አለ፣ ሌላው "እ" አለ፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ሆነ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደጨመረ አላውቅም።

ሽንኩርቱም በመኪና ነው የሚመጣው፣ ሳሙናውም፣ ዱቄቱም፤ ሁሉም ናፍጣውን ተከትሎ ተነሳ። ልጄ ዘይት በማንኪያ ትለካ ጀመር። ቆይታ ማንኪያውን በሻይ ማንኪያ ለወጠችው። ልብስ መተኮስ ቀረ፤ እርጥቡን በእጇ እየወጠረች ታሰጣው ጀመር፣ ለካ ይሄም ያስተካክለዋል። ስኳር ለእኔ ብቻ ይገዛ ነበር፤ "ሐኪሙ ከልክሎኛል፣ ይቅር" አልኳት። ሐኪሙ የከለከለኝ ጨው ነው።

እሱም በበኩሉ ቁጠባ ተማረ። ማደያ ጋ ሰልፍ ሲይዝ ሞተሩን ያጠፋል። ከፊቱ ያለው መኪና ፈቀቅ ሲል ይወርድና በበሩ በኩል ትከሻውን አስደግፎ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ እትዬን ይገፋታል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ይገፋኛል። "ልውረድልህ" ስለው "ከቦርሳዎ አይከብዱም እማማ" ይለኛል። ፊደል በስተርጅና ነው የቆጠርኩት፤ የልጅ ልጄ ናት ያስቆጠረችኝ። ከቤት ውጭ ማንም ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ ያን ሰሞን ማደያው በር ላይ ካርቶን ላይ የተጻፈው ነው። "ናፍጣ የለም" ይላል። አንብቤ ደስ አለኝ። ልነግረው ዞር ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት።

ከሁሉም የገረመኝ ቁልቁለቱን የሚወርድበት ነው። አናቱ ላይ ሲደርስ ማርሹን ፍሪ ያደርገዋል፣ ከጥርሱ ያላቅቀዋል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ከዚያ እትዬ በራሷ ክብደት ትወርዳለች። የሚሰማው የጎማው ድምፅና ነፋሱ ብቻ ነው። ይህ አደገኛ ነገር እንደሆነ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። በሁለት እግሩ ፍሬኑን ረግጦ፣ ክንዱ ተወጥሮ ነበር የሚያወርዳት። ተሳፋሪው ለመደው። እንዲያውም የቁልቁለቱ ሰዓት የእንቅልፍ ሰዓት ሆነ።

እያደር ቁጠባው ከመኪናዋ ወርዶ ቤት ገባ። ከሥራ መጥቶ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። አንድ ነገር ከጓዳ ሲያስፈልገው ሌላም ነገር እስኪያስፈልገው ይጠብቃል፣ ለሁለቱ አንዴ ይነሳል። ንግግሩም እንደዚሁ። ልጁ ስለ ትምህርት ቤቷ ስትነግረው ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይመልሳል። ልጄ "ሞተሩን አጥፍቶ ገባ ደግሞ" ትለኝ ነበር፤ መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ሳትስቅ።

አንድ ጠዋት ጋቢና ነበርኩ። ወደ ኋላ ሳይዞር፣ በመስታወቱ እያያቸው፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ትንሽ ቢጨምሩለት ጠየቃቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ እጇም ምላሷም ስለሚወጋ "መርፌ" ነው የሚሏት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች።

"እኛን ማን ጨመረን ብለህ ነው ወንድሜ?" አለችው። "የጨመሩን ቀን መጀመሪያ ላንተ ነው የምንነግርህ።"

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ነገሩን ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው የዳገቱ ነገር የመጣው። የዚያን ዕለት ማደያው ስላልሰጠው ታንከሯ ሥር የቀረችውን ይዞ ነው የወጣው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እትዬ አቃሰተች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች። እንደገና ሲያስነሳት ተነሳች፣ ግን መንቀሳቀስ አቃታት። መርፌ በሩን ከፈተችና "እትዬ ደክሟቸዋል፣ እንውረድላቸው" አለች። ሁሉም ተንጋግተው ወረዱ። የቀረነው እኔና ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌ ነን። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ እግራቸውን መዘርጋት በሚችሉበት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። መኪናዋ ሲቀልላት ዳገቱን ወጣችው። እሱም አናቱ ላይ፣ ሜዳው ጋ፣ ዳር ይዞ ጠበቃቸው። እያለከለኩ፣ እየተጎሻሸሙ፣ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ ደረሱ። አንዷ ከዚያ አናት ላይ ፋብሪካውም ሰፈሩም አንድ ላይ እንደሚታይ አላውቅም ነበር አለች። ገቡ። ሞተሩን አጠፋ። ወረድን።

በማግስቱ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንም ምንም ሳይናገር በሩ ተከፈተ። በሦስተኛውም ቀን። ማታ ሲመለሱም እንደዚያው። ሕግ ሆነ፤ ዳገቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በመኪና። ወርደው ሲሄዱ ያየ መንገደኛ የተበላሸ መኪና መስሎት ይጠይቃል፣ መርፌም "አልተበላሸችም፣ እኛ ነን የምናሳርፋት" ትላለች። ከፍለው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው በእግር የሚወጡት፤ ያለ ክፍያ የምሄደው እኔ ቁጭ ብዬ። አፍሬ ልወርድ ስል ሽማግሌው ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ። "እኔን ብቻዬን ሊተዉኝ ነው?" አሉ።

ያን ሰሞን ቤታችን ትንሽ ተነፈሰ። ናፍጣው ትንሽ መቆየት ጀመረ። እሱም ማታ ገብቶ ስለተሳፋሪዎቹ ማውራት ጀመረ፤ ማን ቀድሞ እንደወጣ፣ ማን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንዳረፈ። ልጄ አንድ ቀን ዘይቱን በትልቁ ማንኪያ ስትጨምር አየኋት። "እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከየት ይገኛሉ" አልኩ እኔም። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሰዎቹ ግን በየቀኑ እየጠነከሩ ሄዱ። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ ናት የምትጠብቃቸው፣ በሮቿን ከፍታ። ቆይቶ እኩል መድረስ ጀመሩ። አንድ ማለዳ አናቱ ላይ ቆመን እየጠበቅናቸው ሳለ መጡ። ወሬ ይዘዋል፤ ስለ አንዲት የፋብሪካው አለቃ ነው፣ ይሳሳቃሉ። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ መጡ፣ በጎናችን አለፉ፣ ቁልቁለቱን ጀመሩት። ጥቂት እንደሄዱ አንዷ ቆም ብላ "ኧረ መኪናው" አለች። እየሳቁ ተመለሱና ገቡ። እሱ በመስታወቱ አያቸው። ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሹን ለቀቀ፣ አወረዳቸው። ያን ቀን ሽማግሌው እንደወትሮው አላንቀላፉም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መርፌ ቤት መጣች። ልጄ ወንበር ብታቀርብላትም አልተቀመጠችም። እሱ የእትዬን መቀመጫ ጨርቅ አውጥቶ እየሰፋ ነበር፤ ራሱ ነው የሚሰፋው። መርፌ ቆማ አየችውና "ስፌትህ ይስቃል፣ ስጠኝ" አለችና ተቀበለችው። እየሰፋች ነው የነገረችው።

"ወንድሜ፣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።"

"ንገሪኝ።"

"ከሚመጣው ወር እኔ የለሁበትም። ኪራይ ጨመሩብኝ። ዳገቱን እንደሆነ በእግሬ ነው የምወጣው። እሱን ከወጣሁ በኋላ ቁልቁለቱ አያቅተኝም።"

"እውነትሽን ነው" አለ።

"ትቀየመኛለህ?"

"ለምን እቀየምሻለሁ። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እንግዲህ መንገዱ ጫማዬን ነው የሚበላው" አለች። የሳቀ አልነበረም። ጨርቁን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት፣ እኔን ጉልበቴን ስማ ወጣች።

ልጄ እጇን አጣምራ አንድ ነገር እስኪናገር ትጠብቃለች። እሱ ጄሪካኑ ውስጥ ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። የለም ስትለው ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ቦኖው ሄደ። "ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። እኔ ራሴ እንዲቆጣ እጠብቅ ነበር። መርፌን ሳይሆን፣ ማንንም፤ በሩን ወርወር አድርጎ ቢዘጋ እንኳ።

ከመርፌ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ማንም አልተጣላውም። እንዲያውም ሁሉም ቤት ድረስ እየመጡ ነው የነገሩት፤ አንዳንዱ ምርቃት ጨምሮ። ደግ ሰዎች ናቸው። ሊረዱት ብለው ወረዱ፣ በመውረዳቸው መራመድ ለመዱ፣ ከለመዱ በኋላ መኪና ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠፋባቸው። ከእኛ ውስጥ ይህን አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም። ወርደው መሄድ ሲጀምሩ የተደሰትነው ሁላችንም ነን።

መጨረሻ ላይ የቀሩት ቆራጩ ሽማግሌ ብቻቸውን ናቸው። ለጥቂት ቀናት እሳቸውን ብቻ ይዞ ተመላለሰ። ጋቢና ይምጡ ቢላቸውም እምቢ አሉ፤ እዚያው የለመዱት ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በባዶ መቀመጫ ተከበው ሄዱ። አንድ ጠዋት የሚሳፈሩበት ቦታ ላይ አጣቸው። ታመው ይሆናል ብሎ ሊመለስ ሲል ዳገቱ ላይ አያቸው። ቀድመው ወጥተው በእግራቸው ጀምረውታል፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በየጥቂቱ እየቆሙ።

ይህን ያየሁት ከደጃፋችን ላይ ነው፤ ዳገቱ እስከ አናቱ ድረስ ከቤታችን ይታያል። ደርሶባቸው በሩን ከፈተላቸው። ለእኔ ብቻ ናፍጣ አታቃጥል እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ፈቀቅ ብሎ ጠበቃቸው፤ አልፈውት ሄዱ። ያን ጊዜ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን እንደከፈተ፣ በሳቸው እርምጃ ልክ ጎን ለጎን መንዳት ጀመረ። እትዬ ከታች እስከ ላይ አቃሰተች። ጭሷ ዳገቱን ሞላው። ያ ሰው ለአንዲት ጠብታ ሲል በትከሻው መኪና ሲገፋ የኖረ ነው፤ ያን ቀን ናፍጣውን እንደ ውሃ አፈሰሰው። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እሱ ትንሽ ቆየና አዙሮ ተመለሰ። ሲገባ ልጄን "ገዥ እፈልጋለሁ" አላት።

ገዥው ከሌላ ከተማ የመጣ የሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ወንበሮቿን አውጥቶ ሽንኩርት ሊጭንባት ነው። እትዬን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ስሟን አልጠየቀም። ማደያ ወስዶ ሙሉ አስሞላት፤ ሲሞላ ማየት ብርቅ ሆኖብን ነበር። ከዚያ ማዶ ጤና ጣቢያው ጋ እስካለው ዋና መንገድ እንዲያደርስለት ጠየቀው፤ እኔም መድኃኒቴ አልቆ ስለነበረ አብሬያቸው ሄድኩ፣ ከኋላ ተቀምጬ። ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ማርሹን ፍሪ አደረገ፣ ሞተሩን አጠፋ።

ነጋዴው ደነገጠ። "ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም።"

"ነዳጁ ሙሉ ነው እኮ። የኔ ነው፣ ርገጠው።"

"ለምጄ ነው" አለው።

ግን አላስነሳትም። በሁለት እግሩ ፍሬኑን ረግጦ፣ ክንዱን ወጥሮ፣ እስከ ታች ድረስ በዝምታ አወረዳት። ጤና ጣቢያው ጋ ሲደርስ አቆማት። ቁልፉን ነቅሎ ለነጋዴው ሰጠው። የልብስ ቁልፍ ያህል እንኳ ከብዶት እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም። እኔን ደግፎ አወረደኝ፣ መድኃኒቴን እስክወስድ ጠበቀኝ። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ወደ እኛ በኩል ሲሄድ ለምኖ እኔን አሳፈረኝ። እሱ በእግሩ መጣ።

ገንዘቡ የት እንደገባ አትጠይቁኝ። የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፣ ኪራይ ነበር። ቤታችን ውስጥ የተጨመረ አንድም አዲስ ዕቃ አላየሁም። እሱ አሁን እዚያው ፋብሪካ የጨርቅ ጥቅል ተሸካሚ ነው። አለቃ አለው። "ና" ሲሉት ይመጣል፣ "ሂድ" ሲሉት ይሄዳል። ይከፋሃል ወይ ብዬ አንዴ ጠየቅሁት። "አይ እማማ" አለኝ። የዋሸኝ አይመስለኝም። የሚከፋው ቦታ ራሱ ጸጥ ያለ ይመስለኛል፤ እትዬ ቁልቁለቱን ስትወርድ እንደነበረው።

ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። የሚወጣው በድሮው ሰዓት ነው። መርፌ ትሳፈርበት ከነበረው ጥግ ላይ ቆም ይላል፤ እሷ ትመጣለች። ከሱቁ አጠገብ ደግሞ ይቆማል፤ ሌሎቹ ይመጣሉ። ያረፈደውን እንደ ድሮው ይጠብቃል። ከዚያ ዳገቱን ይጀምሩታል፣ እሱ ከፊት። ፊት ሁን ያለው ሰው የለም።

ሽማግሌው ከሁሉም ቀድመው ነው የሚነሱት። እነሱ ሲደርሱ አናቱ ላይ፣ እትዬ ትጠብቅ በነበረችበት ሜዳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ሁሉም ይቆማሉ። ከዚህ ሆኜ ሳያቸው ጣት ጣት ያካክላሉ። ለታመመ ጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይከፋል፤ ስለዚህ የልጄ ባል ክንዱን ይሰጣቸዋል። ከዚያ አንድ ላይ ወደ ማዶ ይሰጥማሉ፤ መጀመሪያ እግራቸው፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላታቸው። ወዲያ ማዶ ያለውን አላይም። መርፌ ናት የነገረችኝ። ሽማግሌው በየቀኑ ክንዱን ሲይዙ "ፍሬኑ ይሠራል?" ይሉታል አለች። እሱም "ይሠራል ጋሼ" ይላቸዋል።

ይስቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"አይስቅም" አለችኝ። "ግን ቀስ አድርጎ ነው የሚያወርዳቸው።"